በመቀነት ታጥፋ ጅቡቲ የገባች ዶላር

ጅቡቲ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ ጎረቤቶቼ የሚጠይቁኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። «ሙቀቱስ?» ይሉኛል፤ ቀጥለው ደግሞ «በስንት ዘረዘርሽ?»። ስለ ባሕሩ የጠየቀኝ የለም። እኔም ብሆን ባሕሩን ያየሁት በታክሲ መስኮት ነው፤ ሰማያዊ ነው፣ ብዙ ነው፣ ይሸታል፣ በቃ። ስለ ሙቀቱም ለድሬዳዋ ሰው ብዙ አይወራም። የእኛ ፀሐይ ትጠብሳለች፣ የእነሱ ትቀቅላለች። ስለ መዘርዘሩ ግን የምለው አለኝ፤ በየደጁ ቆሜ ከምደጋግመው ብዬ ጻፍኩት። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል ያስቆጠረኝ ሟቹ ባለቤቴ ነው፤ እሱም የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ከጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው ያስቆጠረኝ። እንግዲህ ፊደል ከሳትኩ ጥፋቱ የባቡሩ ነው።

የሄድኩት ለንግድ አይደለም፤ ሃዋን ላመጣ ነው። ሃዋና እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ በባቡር ሠራተኞች ግቢ፣ አዲስ ሙሽሮች ሆነን ጎን ለጎን ገባን። የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ ነበር። ጨው ሲያልቅባት ታንኳኳለች፤ ባሌ ሲያናድደኝ አንኳኳለሁ። እኔ አማርኛ አስተማርኳት፣ እሷ ሶማሊኛ አስተማረችኝ፤ ሁለታችንም መጀመሪያ የቻልነው ስድቡን ነው። ኋላ ባሏ ወደ ጅቡቲ ተዛወረና ሄደች። ከዚያ ወዲህ በስልክ «የሚመጣው ዓመት እመጣለሁ» ስትለኝ ኖረች። ዘንድሮ ግን በስሜ ጠርታ፣ «ጥሩ፣ እግሬ እየከዳኝ ነው። መጥተሽ ካልወሰድሽኝ ድሬን በሕልሜ ነው የማያት» አለችኝ። ሃዋ ስትቀልድ እንጂ ስትለምን ሰምቻት አላውቅም። የዚያኑ ሳምንት ፓስፖርቴን ከሻንጣ ሥር አወጣሁ።

ችግሩ የትኬት ነበር። ከጅቡቲ የሚነሳውን ባቡር ትኬት የሚሸጡት እዚያው ነው፤ በራሳቸው ፍራንክ። ስለዚህ የእኔ ጉዞ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበረች፤ የያዝኩት ገንዘብ ፍራንክ ሲሆን ሁለት አሮጊት ያሳፍራል ወይስ አንድ?

መጀመሪያ ባንክ ሄድኩ። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የመሄጃ ትኬት ይዘሽ ነይ ብለውኝ ነበርና ሁሉንም ይዤ መስኮቷ ፊት ቀረብኩ። ልጅቷ ጥፍሯ እንደ ማንኪያ የረዘመ፣ ፊቷ ግን ደግ ነው።

«እማማ፣ የጉዞሽ ምክንያት ምንድን ነው?»

«ሰው ላመጣ ነው።»

«እንደሱ የሚል የለንም። ሕክምና ነው ጉብኝት?»

«ሃዋን ካየሻት ሁለቱንም ነው።»

ሳቀችና ጉብኝት ብላ ሞላች። ብዙ ከተጠበቀ በኋላ አንዲት መቶ ዶላርና ጥቂት ዝርዝር ሰጠችኝ። መቶዋ ገና አዲስ ነች፤ ስትነኪያት ትንኮሻኮሻለች። «እማማ፣ እንዳታጥፊያት እሺ?» አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ ከባንኩ ደረጃ ሳልወርድ ስምንት ቦታ አጥፌ፣ እጥፋቱን በጥፍሬ ጫን ጫን አድርጌ፣ መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኳት። ምን ላድርግ? ገንዘብ ካልታጠፈ ገንዘብ የያዝኩ አይመስለኝም። የእኛ ብር እንደሆነ ተጨማዶ፣ ቅቤ ነክቶት፣ ጥጉን ፍየል በልቶትም እዚያው ድሬ፣ ከፊራ በሚባለው ገበያ ውስጥ ቲማቲም ይገዛል። ዶላር ከዚህ የተለየ አመል አላት ብሎ ማን ያስባል?

መካሪ ደግሞ አልቸገረኝም። ድንበሩ ደወሌ ድረስ እንኳ ሄዶ የማያውቅ ሁሉ ስለ ምንዛሪ ሊቅ ሆነ። አንዷ ድንበሩ ላይ ዘርዝሪ ትለኛለች፤ ሌላዋ ድንበሩ ላይ ቆዳሽን ይገፉሻል ትለኛለች። ኦቾሎኒ የሚሸጥልኝ ሰውዬ ጭራሽ ወርቅ ገዝተሽ ሂጂ አለኝ። ወርቅ የመግዣው ገንዘብ ቢኖረኝማ ሃዋን በአውሮፕላን አመጣት ነበር።

ረቡዕ ሳይነጋ በባጃጅ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄድኩ። የድሮው ጣቢያችን ከተማው መሃል ነበር፤ ከአልጋሽ ወርደሽ ባቡር ላይ ትወጪያለሽ። አዲሱን ግን ሜዳ ወስደው ነው የተከሉት። ባጃጁ በአቧራ እያንገጫገጨ ሲያደርሰኝ፣ ግማሹን ጉዞ የጨረስኩ መሰለኝ። ባቡሩ ንጹሕ ነው፣ ቀዝቃዛም ነው። ድሬ ላይ ተሳፍሬ ጋቢ የደረብኩት በዕድሜዬ የመጀመሪያ ነው። ጭኮና የተቀቀለ እንቁላል ይዤ ነበርና አጠገቤ ለተቀመጡ ሁለት ነጋዴ ሴቶች አካፈልኩ። እነሱም ማንጎ ሰጡኝ፤ እጃችንን መጋረጃው ላይ ጠረግን። አቆሸሻችሁ ብላ እንዳትቆጣን አስተናጋጇንም አበላናት።

ደወሌ ላይ ሁላችንም ወርደን ፓስፖርት ለማሳየት ተሰለፍን። ተራዬ ሲደርስ መኮንኑ፣ «እማማ፣ ምን ያህል ገንዘብ ይዘሻል?» አለኝ። ነገርኩት። «እስቲ አሳዪኝ» አለ። እኔም ዞር አልኩና ቀሚሴን ከፍ አድርጌ መቀነቴን መፍታት ጀመርኩ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሁሉ ወደ ተራራው ዞረ። መኮንኑ አንገቱ ደም መሰለ፤ «በቃ በቃ! አምኜሻለሁ፣ እለፊ!» አለኝ። እንግዲህ የመቀነት ጥቅሙ ይኼ ነው። ጉዳቱን የማወራው ሐሙስ ላይ ስደርስ ነው።

ናጋድ የሚሉት የጅቡቲ ጣቢያ ስንወርድ እሳት ተቀበለን። ከእሳቱ ቀጥለው ደግሞ ገንዘብ በእጃቸው የቆለሉ ጎረምሶች። «አዬዮ! ዶላር? ብር? ነይ ወደዚህ!» አያቴ ማለታቸው ነው፤ ደግ አያት የሚፈልጉ ይመስላሉ። እዚህ ላይ አስተዋይ ነበርኩ፣ ራሴን ላመስግን። ለታክሲ የምትበቃ ብር ብቻ ነው የዘረዘርኩት። ጎረምሳው «ለአንቺ ብዬ ነው እንጂ በዚህ አልሰጥም ነበር» አለኝ። ለእኔ ብሎ ምን ያህል እንደላጨኝ ያወቅኩት በማግስቱ ነው፤ ቢሆንም የላጨኝ ከታክሲዋ ብር ላይ ብቻ ነው። አገር ውስጥ ገና የገባ ሰው ዋጋ አያውቅም፤ ዋጋ የማያውቅ ሰው ደግሞ መቀነቱን መፍታት የለበትም።

ከነጋዴዎቹ ሴቶች ጋር አንድ ታክሲ ተጋራን። ሾፌሩ ዋጋውን በሺ ጠራ።

«ሺ? ታክሲውን ነው የምትሸጥልን?»

«አዬዮ፣ ሺ እዚህ ትልቅ አይደለም» አለ እየሳቀ።

«እኛ ጋ ትልቅ ነበር ልጄ። አሁን እኛም ደርሰንባችኋል።»

ሃዋ የምትኖረው ልጇ አብዲ ቤት፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። በሩ ተከፍቶ ሳያት መጀመሪያ አላወቅኳትም። ወንበሩን ከዳር እስከ ዳር ሞልታ፣ ድሪያ በሚሉት ሰፊ ቀሚስ ተጠቅልላ፣ ከዘራዋን ጎኗ አስደግፋ ተቀምጣለች። «ጥሩ፣ አንቺ ነሽ? ምን ያደርቅሻል እንዲህ? ድሬ ምግብ ጠፋ?» አለችኝ። «አንቺ ወሰድሽው» አልኳት። ተያይዘን አለቀስን፣ ተያይዘን ሳቅን፣ ከዚያ ተሳደብን። ስድቡን አልረሳችውም።

አብዲ ከወደብ ሥራው ሲመለስ ትልቅ የተጠበሰ ዓሣ ከሰፊ ቂጣ ጋር ይዞ ገባ። ዓሣው ከሁለት ተሰንጥቆ፣ በበርበሬ ቀልቶ፣ ትሪውን ሞልቷል። እኛ ድሬ የምንበላው ዓሣ በቆርቆሮ የታሸገውን ነው፤ ይሄኛው ዓይኑ ጭምር ያይሻል። አብዲ በጀርባዬ ያዘልኩት ልጅ ነው። አሁን ሆድ አውጥቷል፣ ፂሙን ሄና ቀብቷል፣ ለእናቱም እንደ አባት ሆኗል። የመጣሁበትን ስነግረው መብላቱን አቆመ።

«እማ ጥሩ፣ በዚህ እግሯ?»

«ባቡር እኮ ነው ልጄ፤ የሚሮጠው እሱ ነው።»

«መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን ወንድሞቼ ማንን ነው የሚይዙት? እኔን! የላካት አብዲ ነው ይላሉ። እኔ ለዚህ ትኬት አንድ ፍራንክ አላወጣም።»

ሃዋ ዓሣዋን እየገነጠለች፣ «እሷ ብትገዛልኝስ?» አለች።

አብዲ ፂሙን አሸት አሸት አደረገና አየኝ። አንዲት አሮጊት፣ አንዲት ፌስታል። «እማ ጥሩ በራሷ ገንዘብ ከገዛችልሽ አልከለክልም። የእሁዱ ባቡር ነው፤ ካመለጠ ግን ወሬው ያብቃ» አለ። እንደማልችል እርግጠኛ ነበር። ሃዋ በጠረጴዛው ሥር እግሬን መታችኝ፤ በታመመው እግሯ ነው የመታችኝ፣ ያምማል።

ሐሙስ ጠዋት ላሆህ በማርና በሻይ ቁርስ በላን፤ እንደኛ እንጀራ ዓይናማ ነው፣ ግን ጣፋጭና ሕፃን እጅ ያክላል፣ አሥር ብትበዪም አይታወቅሽም። ከዚያ ሃዋ አቅጣጫ ነገረችኝ። «ገበያው አጠገብ ግድግዳውን ተከትለው ሴቶች ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ያለችው ዘሃራ ነች፤ ብርቱካናማ ጃንጥላ አላት። ወንዶቹ ጋ እንዳትሄጂ።»

ሄድኩ፣ አየሁ፣ አፌን ያዝኩ። እኛ አገር ዶላር የሚዘረዝር ሰው ግራ ቀኝ እያየ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ነው የሚያናግርሽ። እዚህ ሴቶቹ ጎመን እንደሚሸጥ ሰው በየበርጩማቸው ተደርድረው፣ የአገሩን ሁሉ ገንዘብ ጭናቸው ላይ ቆልለው ሻይ ይጠጣሉ። አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎም አያያቸው።

«ዘሃራ አንቺ ነሽ? መቶ ዶላር በስንት ትወስጂያለሽ?» አልኳት በሶማሊኛ። ነገረችኝ። አማርኛም ታውቃለች፤ ድሬ ዘመድ አላት።

እኔ ደግሞ ከፊራ ገበያ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። የመጀመሪያ ዋጋ ሰምቶ መቀበል እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ሻጩም ይቀየማል። «አቦ ተይኝ!» አልኳትና ጀርባዬን ሰጥቼ ሄድኩ። ከፊራ ቢሆን ሁለት እርምጃ ሳልሄድ «ነይ እንጂ! ነይ አትኩሪ!» እባላለሁ። ቀስ ብዬ ተራመድኩ፤ ጆሮዬን ወደ ኋላ ጥዬ። ዝም። ጊዜ ልስጣት ብዬ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ዝም። ጫማዬ ውስጥ ጠጠር የገባ መስዬ ቆሜ አራገፍኩ። የሚጠራኝ ጠፋ።

ቀጥላ ያለችዋን ጠየቅኩ፤ ያንኑ ዋጋ ነገረችኝ። ሦስተኛዋም ያንኑ። እየጠየቅኩ የግድግዳው መጨረሻ ደረስኩ። የመጨረሻዋ ሴትዮ ገና አፌን ሳልከፍት ዋጋውን ነገረችኝና በሳቅ ፈረሰች። ዞር ስል ረድፉ በሙሉ እኔን ያያል። ያን ሁሉ ግድግዳ በሰው ፊት ወደ ኋላ መመለስ እንዴት እንደሚረዝም!

«አዬዮ፣ ዞረሽ ጨረስሽ?» አለችኝ ዘሃራ።

«ጨረስኩ።»

«እግርሽን አፍታታሽ፣ ጥሩ ነው። ተቀመጪ። እኛ ዋጋውን ጠዋት ተነጋግረን ነው የምንቀመጠው። ብትሄጂም ብትቀመጪም ያው ነው። ገንዘብ ቲማቲም አይደለም፤ ማታ አይበሰብስብንም።»

ዋጋው እኮ ደህና ነበር! በልቤ ሳሰላው ለሁለታችን ትኬት ይበቃል፣ የውሃም ይተርፋል። ደስ ብሎኝ ወደ ግድግዳው ዞርኩና መቀነቴን ፈታሁ። መቶዋ ወጣች። ከባንክ ስትወጣ የነበረችው አይደለችም። ከድሬ እስከ ጅቡቲ ወገቤ ላይ ላብ ስትጠጣ ከርማ፣ ስዘረጋት እንደ አኮርዲዮን ትሸበሸባለች። ስለቃት ተመልሳ ትታጠፋለች።

ዘሃራ በሁለት ጣቷ አነሳቻት። «ይህቺን ከየት ነው ያወጣሻት?»

«ከወገቤ።»

«ታሳዝናለች። ምን አጥፍታ ነው የታሰረችው?»

ከዚያ ቀልዱን ትታ ነገረችኝ። ከእሷ ዶላር የሚገዙት ዕቃ ለማምጣት ባሕር የሚሻገሩ ነጋዴዎች ናቸው፤ እዚያ ማዶ ያሉት ሰዎች ደግሞ የተጨማደደች ኖት አይወዱም። እሷ ከወሰደቻት በጣም ቀንሳ ነው። የቀነሰችውን በጣቴ ቆጠርኩ። በዚያ ዋጋ የእኔ ትኬት አለ፤ የሃዋ ግን ግማሹ ብቻ ነው።

«ግማሽ ሃዋ ይዤ ልሂድ?»

«የቱን ግማሽ?»

«ምላሷ ያለበትን። ሌላውን አብዲ ያስቀረው።»

ዘሃራ እንባዋን ጠረገች። «ስሚ፣ ውሰጃትና አቃኛት። እጥፋቷ ከለቀቀ በሙሉ ዋጋ እወስዳታለሁ። ነገ ዓርብ ነው፣ አልቀመጥም። ቅዳሜ ጠዋት ነይ፤ ጫት ከገባ በኋላ ግን አታገኚኝም።» ጫቱን የምንልክላቸው እኛ፤ ከተማው ቀጥ የሚለው እነሱ ጋ።

ለዕለቱ እንዲሆነኝ ከትናንሾቹ ዶላሮች አንዷን ብቻ ዘርዝሬ ወጣሁ። ውሃ ልገዛ ሱቅ ስገባ ልጁ መጤነቴን አይቶ ዋጋውን በዶላር ነገረኝ። ዝም ብዬ ከአጠገቤ የቆመችውን ሴትዮ አየሁ፤ ለዚያችው ውሃ ሳንቲም ቆጥራ ሰጥታ ሄደች፣ ከእኔ በግማሽ። እኔም ፍራንኬን አውጥቼ እንደሷ ከፈልኩ። ያላችሁበትን አገር ገንዘብ አውጡ፤ ዶላር ያሳያችሁ ዕለት ዋጋው እናንተን ሲያይ ይረዝማል። መልሱንም ሳንቲም በሳንቲም ሰጠኝ። እኛ ጋ «ዝርዝር የለም» ተብሎ ማስቲካ ነበር የሚሰጠኝ፤ ጥርስ በሌለው አፌ ስንት ማስቲካ እንደተቀበልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ጅቡቲ ላይ ያየሁት ትልቁ ጉድ ባሕሩ አይደለም፤ ዝርዝር ያለው ባለሱቅ ነው።

ያን ዕለት ማታ እራት ላይ አብዲ፣ «እማ ጥሩ፣ ዘረዘርሽ?» ሲል እኔ ትን አለኝ። ሃዋ ግን ፈጠን ብላ፣ «ዘርዝራለች! ብላ አንተ፣ ሩዙ ይቀዘቅዛል» አለችው። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ሁለት ውሸታም አሮጊቶች ሆንን።

ዓርብ አብዲ እንደወጣ ምክር ተቀመጥን። መቶዋን ፍራሽ ሥር አሳድረናት ነበር፤ የስፖንጅ ፍራሽ ምን ጉልበት አለው? ይልቅ ምቾት አግኝታ ይበልጥ ተጨማዳ አደረች። ካውያ ላምጣ አልኩ።

«ካውያ? ልታቃጥያት ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። «ክብደት ነው የሚያስፈልጋት። ረጋ ያለ ክብደት።»

ቤቱን ቃኘን። «ፍሪጁ» አለች። «ማን ያነሳዋል?» አልኩ። ቁም ሳጥኑ ግድግዳው ላይ ተመትቷል። ከዚያ ሃዋን ከላይ እስከ ታች አየኋት።

«እንዳትናገሪ» አለችኝ ሃዋ።

«እኔ መቼ ተናገርኩ?»

«ዓይንሽ ተናግሯል።»

መቶዋን በእርጥብ ጨርቅ አባበስኳት፣ በሁለት ንጹሕ መሐረብ መሃል ዘረጋኋት፣ ለጥ ባለ ትሪ ላይ አድርጌ ወንበሩ ላይ አኖርኳት። ሃዋ ቢስሚላህ ብላ ተቀመጠችባት። ወንበሩ ሲጮህ ዶላሯ አለቀላት አልኩ። ከቁርስ ጀምራ አልተነሳችም። ሶላቷንም ድሮም በእግሯ ምክንያት ተቀምጣ ነው የምትሰግደው፤ ስትጨርስ፣ «አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ስሰግድ ሁሉ ስለ እሷ ነበር የማስበው» አለችኝ። ቅዝቃዜ በሚነፋው መሣሪያ ፊት ተቀምጠን የድሬን ሰው ሁሉ አማን። የሞቱትን ጭምር።

አብዲ ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ የፍየል ሥጋ በሩዝ ይዞ መጣና ምንጣፉ ላይ ማዕድ ዘረጋ። ሃዋ ዓርብ ዓርብ ምንጣፉ ላይ ወርዳ፣ እግሯን ዘርግታ ነው የምትበላው።

«ሆዮ፣ ነይ» አላት። እናቴ ማለቱ ነው።

«እዚሁ ስጠኝ።»

«እንዴት እዚያ? ነይ ላውርድሽ።» እጇን ያዘ።

«አልነሳም አልኩህ!»

አብዲ እጇን ለቀቀና ፊቱ ተለወጠ። «እግርሽ ነው? ትናንት እኮ ትነሺ ነበር።» ወደ እኔ ዞረ። «አየሽ እማ ጥሩ? ከወንበር መነሳት ያቃታት ሴት ናት ባቡር የምትወጣው?» ስልኩን አወጣ፤ ሐኪም ሊጠራ ነው። ሃዋና እኔ ተያየን። ካልተነሳች እግሯ ሞተ ተብሎ ጉዞው ይቀራል። ከተነሳች ፍራንክ የተባለው ገና ከሥሯ ያለ እርጥብ ዶላር መሆኑ ይታወቃል፤ ያን ጊዜም ይቀራል።

ሃዋ ጥርሷን ነከሰች። ከዘራውንም አልፈለገችም፣ የእኔንም እጅ አልፈለገችም፤ ወንበሩን ገፍታ ቀጥ ብላ ተነሳች። እንዲያውም ተንጎራደደች። ጀርባዋን ሰጥታን፣ ዳሌዋን እየነቀነቀች፣ ማዕዱ ድረስ ሄደች። መሐረቦቹ ወለሉ ላይ ወደቁ።

አብዲ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ሆዮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ከኋላሽ የአሜሪካ ሰውዬ አለ።»

መቶዋ ድሪያዋ ላይ ተለጥፋለች፤ መላጣው ሰውዬ ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ ያየናል። አብዲ መጥቶ ቀስ ብሎ ላጣት፣ ወደ መብራቱ አነሳት፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ባንኩን፣ መቀነቴን፣ የዘሃራን ግድግዳ። ሳቁ ከሆዱ ተነሳና ምንጣፉ ላይ ጣለው። ሩዙን በእግሩ ሊደፋው ነበር። ሃዋ ብቻ አልሳቀችም፤ ቆማ ታየዋለች። ድሬን ልታይ ወይም ላታይ ያቺን ደቂቃ ነበር የምትጠብቀው።

አብዲ ዓይኑን ጠረገና፣ «ያለ ከዘራ ተነሳሽ» አላት።

«አይተሃል።»

«አየሁ።» መቶዋን መልሶ መሐረቡ ውስጥ ዘረጋት። «ቃሌ ቃል ነው። ትኬቱ በእናንተ ገንዘብ ነው፤ እኔ ፍራንክ አላወጣም። ግን ይቺ መሃሏ ላይ ገና አንድ እጥፋት አለባት። በልተሽ ስትጨርሺ ተመልሰሽ ተቀመጪ።»

ቅዳሜ ጠዋት መቶዋን አብዲ በሰጠኝ ካርቶን መሃል አድርጌ፣ ደረቴ ላይ ታቅፌ ወጣሁ። መቀነቴ ባዶዋን ቀረች። ዘሃራ ኖቷን ወደ ፀሐይ አነሳቻት፣ አንኮሻኮሸቻት፣ አሸተተቻት። «አሁን ዶላር ሆነች። ማን ነው የተኮሰልሽ?»

«ሃዋ።»

«በምን?»

ነገርኳት። ወደ ረድፉ ዞራ በሶማሊኛ አወጀችው፤ ሳቁ ከጃንጥላ ወደ ጃንጥላ እየዘለለ እስከ ግድግዳው መጨረሻ ሄደ። የመጨረሻዋ ሴትዮ፣ «ንገሪያት፣ እኔም ሁለት የተጨማደዱ አሉኝ! በስንት ትቀመጣለች?» ብላ ጮኸች። ዘሃራ በሙሉ ዋጋ ሰጠችኝ። አልተከራከርኩም፣ ዞሬም አልሄድኩም። ግን ድሬ ድሬ ነውና፣ ፍራንኬን ከተቀበልኩ በኋላ፣ «ምርቃትስ?» አልኳት። ጭንቅላቷን ነቅንቃ አንዲት ሳንቲም ጨመረችልኝ፤ «ለሃዋ ሻይ ነው፣ ደክሟታል» አለች። ከዚያ ቀጥ ብዬ ሁለት ትኬት ገዛሁ። የሃዋን ስም ጮክ ብዬ ነው የነገርኩት።

እሁድ አብዲ ራሱ ናጋድ አደረሰን። እናቱን አቅፎ መቀመጫዋ ላይ አስቀመጣት፣ ውሃ ገዛላት፣ ብርድ ልብስ አለበሳት፤ ፍራንክ አላወጣም ያለው ሰውዬ። የተረፉንን ሳንቲሞች ለባቡሩ ሻይ ጨረስናቸው፤ ድንበሩን ካለፉ ከፊራ ላይ ሚዛን እንኳ አይሆኑም። ሃዋ ደወሌን እስክናልፍ ድረስ ስታወራ ነበር። ከዚያ ተራሮቹ መታየት ሲጀምሩ ፊቷን መስኮቱ ላይ ለጠፈች።

ድሬ ስንወርድ ሜዳውን ግራ ቀኝ አየችና፣ «ከተማዋን የት ወሰዳችኋት?» አለችኝ። ባጃጅ ጠራን። ሾፌሩ ከፊት ሲስብ፣ እኔ ከኋላ ስገፋ፣ ሃዋ «ዋሪያ፣ ቀስ በል፣ እኔ የዶላር መተኮሻ ነኝ!» እያለች እንደምንም ገባች። ከዚራ ዛፎቹ ሥር ስንደርስ ነፋሱን በአፏ ዋጠችው። «ቀዘቀዘኝ» አለች። ድሬዳዋ ላይ፣ በዚያ ፀሐይ! ጋቢዬን አለበስኳት።

አሁን ከእኔ ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ ናት። ሻይ ሲያምራት ግድግዳውን ታንኳኳለች። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ተቀምጣ አላፊውን ሁሉ ሰላም ትላለች፤ ያላወቃትም ያወቃት ይመስለዋል። አብዲ በየሁለት ቀኑ ይደውላል፤ «እማ ጥሩ፣ እናቴን መቼ ነው የምትልኪያት?» ይለኛል። ከዚህ የሚነሳው ትኬት የሚገዛው በብር ነው፤ ብሩም አለ፣ አልዋሽም። ስምንት ቦታ አጥፌ መቀነቴ ውስጥ ቋጥሬዋለሁ።

«ገና አልተቃናም ልጄ» እለዋለሁ።

ይኼን ስል ከግድግዳው ወዲያ ይንኳኳል።